ለክቡር የጥናት ፕሮግራም፤ አድራሻ፦ የፍሪጃችን በር፣ ለንደን

ጉዳዩ፦ የሥራ ዝውውርን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ማማርዎንማ ማን ይክዳል! ኩሽናችን ከገቡ ወዲህ ቤቱ ደምቋል። ሰማያዊው ለሼክስፒር፣ አረንጓዴው ለዲከንስ፣ ብርቱካናማው ለዘመናዊው ቴአትር፣ ሐምራዊው ለግጥም። ከግርጌዎ ደግሞ የቀለማቱ መፍቻ በትንሽ ሳጥን ተቀምጦልዎታል። እንግዳ ሲመጣ ዓይኑ መጀመሪያ እርስዎ ላይ ነው የሚያርፈው። "ኧረ ጎበዝ! ፕሮግራም አውጥታለች?" ይላል። "አውጥታለች" እላለሁ ቡናዬን እየቀዳሁ። "አጥንታለች ወይ?" ብሎ የጠየቀ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ለማያውቁዎት ላስተዋውቅዎ። ልጄ 11ኛ ክፍል ናት። እንግሊዝ አገር በዚህ ክፍል ማብቂያ ላይ ጂሲኤስኢ የሚባል ፈተና አለ። ግንቦት ላይ ይጦፋል። ከትምህርቶቹ አንዱ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ በቁጥር ነው የሚሰጠው፤ ትልቁ 9፣ ትንሹ 1። (ይህን አዲስ አበባ ላለችው አያቷ ማስረዳት አልተቻለም። "አስተማሪዋ 9 ታመጣለች ብላለች" ስላት፣ "ዘጠነኛ? አይዟት፣ ለሚቀጥለው ትበረታለች" ብላ አጽናናችኝ።)

የተወለዱበት ቅዳሜ ትዝ ይለኛል። ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ገና ከፌስታሉ ያልወጣ ሃይላይተር። ልጄ ከቁርስ ጀምሮ ወለሉ ላይ ተደፍታ ዋለች። ለምሳ ስጠራት "ማሚ፣ እያጠናሁ ነው" አለችኝ። አባቷ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። ታናሽ ወንድሟ ኳሱን ተቀማ። ሁላችንም ኮቴያችንን አጥፍተን ዋልን። ማታ ላይ እርስዎ በአራት ማግኔት ተሰቀሉ። የሼክስፒሩ ተውኔት ማክቤዝ ግን እንደተዘጋ አደረ።

ሥነ ጽሑፉ ሁለት ፈተና ነው። አንዱ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ ሌላው 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ። በድምሩ 4 ሰዓት። እርስዎን ለማስመር ብቻ ከዚያ በላይ ሄዷል።

እስቲ ውስጥዎን እንመልከት። ማክቤዝ በየሳምንቱ ሳጥን አለው፣ አንዳንዴም ሁለት። ለምን ቢባል፣ ልጄ ማክቤዝን ትወደዋለች፤ ታሪኩን ከእንቅልፏ ቢቀሰቅሷት ትተርከዋለች። የምታውቀው ትምህርት ብዙ ሳጥን አገኘ፣ የማታውቀው ወደ ዳር ተገፋ። ግጥም የደረሰው አንድ ሳጥን ነው። እሱም "ግጥሞች (ሁሉም)" ይላል፤ ሐሙስ ከ5፡00 እስከ 5፡45። በዚያች ቅንፍ ውስጥ የተጨናነቁት 15 ግጥሞች ናቸው። ለያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ማለት ነው። ከነሱ አንዱን የጻፈው ሼሊ በኦዚማንዲያስ ግጥሙ የፈርዖኑን ሐውልት አፈራርሶ ሁለት እግር አስቀርቶለት ነበር። እርስዎ እግሩንም ነሱት።

ክቡርነትዎ፣ ፈተናው መጽሐፍ ተዘግቶ እንደሆነ ያውቃሉ? ከ15ቱ አንዱን ግጥም ያትሙላትና ሁለተኛውን ራሷ መርጣ ከጭንቅላቷ አውጥታ አወዳድሪ ይሏታል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቅንፍ አይሠራም። "ሁሉም" የሚባል ግጥምም የለም።

ጭራሽ ሳጥን የተነፈገም አለ። ከዚያ በፊት አይታው የማታውቀው ግጥም ይመጣል። እሷ በምትፈተነው፣ ኤኪውኤ የሚባለው ድርጅት በሚያወጣው ፈተና ይህ ክፍል ከ160 ነጥብ 32ቱን ይዟል። አንድ አምስተኛ! የት አለ ብዬ ጠየቅኳት።

"ማሚ፣ ያልታየ ነው እኮ። ያልታየ ነገር ምኑ ይጠናል?"

"ልምምድስ?"

"ቀለምም አልቆብኛል።"

የአገራችን ቅኔ ቤት ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር? እዚያ ያደጉ ሰዎች ዕድሜያቸውን የፈጁት ሰምተውት የማያውቁትን ቅኔ ተቀብለው ሰሙን ከወርቁ በመለየት ነው። ሃይላይተርም አልነበራቸውም።

ወደ ዲከንስ ልለፍ። እ.ኤ.አ. በ1843 ያሳተማት የገና ታሪክ ቀጭን መጽሐፍ ናት፣ አምስት ምዕራፍ ብቻ። ሰውዬው ጽፎ ለመጨረስ ስድስት ሳምንት ገደማ ነው የፈጀበት። እርስዎ ለማንበብ ሰባት ሳምንት መደቡላት። ልጄ ከደራሲው ቀድማ ብትጨርስ ነውር ይሆንብናል ብለው ነው? የታሪኩ ስስታም ስክሩጅ እንኳ ያ ሁሉ ክፋቱ በአንድ ሌሊት ነው የለቀቀው።

አናትዎ ላይ በጉልህ የተጻፈውን የሼክስፒርን ስም ደግሞ አንድ ቀን ቆሜ አነበብኩት። በእንግሊዝኛው አንድ ፊደል ጎድሎታል። ጥላ ተሠርቶለታል፣ ወርቃማ ብልጭልጭ ተነስንሶበታል፣ ፊደሉ ግን የለም። በዚሁ ፈተና ለቃላት አጠቃቀም፣ ለፊደልና ለሥርዓተ ነጥብ 8 ነጥብ ለብቻው ተቀምጧል። ለብልጭልጭ የተመደበ ነጥብ አላገኘሁም።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያንገፈገፈኝ የማክሰኞው ነው።

ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ማክቤዝን ወደ አማርኛ መልሶልናልና እኔም ከሰውዬው ጋር ባዳ አይደለሁም። እንደ ቀልድ ጣል አደረግኩባት። "እስቲ ንገሪኝ፣ ማክቤዝ ንጉሡን ለመግደሉ ጥፋቱ የማን ነው? የጠንቋዮቹ፣ የሚስቱ ወይስ የራሱ?" ልጄ ስልኳን አስቀመጠች። ስልኳን! "ማሚ፣ ጠንቋዮቹ እኮ ግደል አላሉትም። ንጉሥ ትሆናለህ ብቻ ነው ያሉት። ግድያው ከራሱ ጭንቅላት ነው የመጣው፤ እና ታውቂያለሽ፣ ጓደኛው ባንኮም እኮ ትንቢት ሰምቷል፣ እሱ ግን ማንንም..." እጇ እየተወራጨ፣ ድምፅዋ እየጨመረ ነበር። እኔም ቢላዬን አስቀምጬ ሰማሁ። እንደዚያ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም።

ከዚያ ዓይኗ ወደ እርስዎ ዞረ።

"ውይ! ማክቤዝ ረቡዕ ነው። ዛሬ ፍላሽ ካርድ ነው።"

ሄደች። ስለ ባንኮ የጀመረችው ዓረፍተ ነገር ሽንኩርቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ፈተና ወረቀት ላይ ብታሰፍረው ነጥብ የሚያሰጥ ሐሳብ ነበር። እርስዎ "ቀኑ አይደለም" ብለው መለሱት።

ፊቱ ላይ ጥያቄ፣ ጀርባው ላይ መልስ የሚጻፍበትን ፍላሽ ካርዱንስ አየሁት። ካርቶኑ እኩል እኩል ተቆርጧል። ማዕዘኑ እንዳይወጋ ክብ ተደርጎ ተከርክሟል። በወረቀት መብሻ ተበስቶ በቀለበት ተሰክቷል። በቀለም ተለይቷል፣ ቁጥር ተሰጥቶታል። አንዱን አንስቼ ገለበጥኩት። ባዶ። ሌላውን ገለበጥኩ። እሱም ባዶ። "ጥቅሶቹስ?" ብላት፣ "ጥቅስ መጻፍ ቅዳሜ ነው" አለችኝ። ቅዳሜንማ እናውቀዋለን።

ቅዳሜ የማካካሻ ቀን ነው። ሰኞ ያልተነካው ወደ ቅዳሜ ይሄዳል፣ ማክሰኞ ያመለጠው ወደ ቅዳሜ ይሄዳል። ቅዳሜ ሲደርስ የተቆለለው ሥራ ከቀኑ ርዝመት ይበልጣል። መፍትሔው ምንድን ነው? የተሻሻለ ፕሮግራም ማውጣት። ቅዳሜም በዚያው ያልቃል። ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ የሚባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት፣ ሰው ሥራው የሚፈጅበትን ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አሳንሶ እንደሚገምት፣ ባለፈው ጊዜ መዘግየቱን እያወቀም እንደሚገምት እ.ኤ.አ. በ1979 ጽፈዋል። መሥሪያ ቤት ውሎ ለሚያውቅ የአገሬ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። "በሩብ ዓመቱ ያልተከናወኑ ተግባራት ወደ ቀጣዩ ሩብ ዓመት ተዛውረዋል" የሚል ሪፖርት ስንሰማ ነው ያደግነው። ልጄ ሪፖርት አይታ አታውቅም፤ በደም ይተላለፋል መሰለኝ።

ፍትሕ ላለማጓደል፣ አንድ ዓምድ ተከብሯል። "እረፍት" የሚለው። እሱ ላይ አንዲት ደቂቃ ዝንፍ ብሎ አያውቅም። ጥናቱ ባይጀመርም እረፍቱ በሰዓቱ ይወጣል። በእረፍቱም ሌሎች ልጆች ጠረጴዛቸውን አሰማምረው ሲያጠኑ የሚያሳይ ቪዲዮ ይታያል።

የጓደኛዬ ልጅ ግን ምንም ፕሮግራም የለውም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለእናቱ ስለ እርስዎ አወራሁላት፣ ፎቶዎንም አሳየኋት። አንገቷን ደፋች። "የኔው እንዲሁ ነው" አለች። "አውቶቡስ ላይ ታናሽ እህቱ መጽሐፉን ይዛ ትጠይቀዋለች፣ ሲስት ትስቅበታለች። ማታ አንድ የድሮ ፈተና ጥያቄ ይጽፍና ይተኛል። በቃ።" ምስኪን ልጅ፣ አንድም ቀለም የሌለው! አብረን አዘንን። ልጁ ታዲያ አሥራ አምስቱን ግጥም አንድ በአንድ ይጠራቸዋል አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2013 ጆን ደንሎስኪ የሚባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር አሥር የጥናት ዘዴዎችን መዝነው ነበር። ማቅለምና መልሶ መላልሶ ማንበብ ጥቅማቸው ዝቅተኛ ተባለ። ራስን መፈተንና ጥናትን በተለያዩ ቀናት ከፋፍሎ መድገም ደግሞ ከፍተኛውን ደረጃ አገኙ። ይህን ሲሰሙ ደረትዎን እንደሚነፉ አውቃለሁ። "መከፋፈል እኮ የእኔ ሙያ ነው!" ይላሉ። መከፋፈሉንስ ከፋፈሉት። የተከፋፈለውን ማን ያጥናው?

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ከፍሪጅ በር ተነስተው ወደ ኩሽናው ሦስተኛ መሳቢያ፣ ከሞቱት ባትሪዎችና ከፒዛ ቤት ወረቀቶች ጋር እንዲሠሩ ተዛውረዋል። ማግኔቶቹን ለተተኪዎ ያስረክቡ። ተተኪዎ ነጭ ወረቀት ነው። በየማታው አንድ ጥያቄ ይጻፍበታል። መጽሐፉ ይዘጋል፣ ስልኩ እኔ ዘንድ ይቀመጣል፣ 50 ደቂቃ ይሰጣታል። በመጀመሪያው ፈተና ለአንድ ድርሰት የሚደርሳት ከዚህ ብዙም አይበልጥም። ከዚያ መጽሐፉ ተከፍቶ የረሳችው በቀይ ይሞላል። በነጋታው የሚጠየቀው ያ ቀዩ ነው። እኔም ሽንኩርት በከተፍኩ ቁጥር ስለ ባንኮ እጠይቃለሁ፤ ቀኑ ምንም ይሁን።

ልጄ ጥብቅና ቆማልዎታለች። ፎቶዎን ስልኳ ላይ ማስቀመጧን፣ እንዲያውም መክፈቻ ገጹ ላይ ማድረጓን ደርሼበታለሁ። ትናንት ማታ ደግሞ ለስለስ ብላ መጣች። አዲሱን አሠራር ተቀብላለች። ነጭ ወረቀቱ ላይም ተቃውሞ የላትም። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው፤ የትኛው ጥያቄ በየትኛው ማታ እንደሚሠራ የሚያሳይ ትንሽ ሠንጠረዥ እንድትሠራ ቅዳሜ እንዲፈቀድላት።

አልተፈቀደም።

ከሰላምታ ጋር
እናቷ

ግልባጭ፦
ለሃይላይተሮቹ፤ ክዳናችሁን ገጥማችሁ እንድትቆዩ
ለፍላሽ ካርዶቹ፤ ጀርባችሁ ዛሬ ማታ ይሞላል
ለባንኮ፤ ከይቅርታ ጋር
ለ"እረፍት" ዓምድ፤ የተሰጠውን ሥራ ያለ እንከን መቶ በመቶ ስላከናወነ፣ ከምስጋና ወረቀት ጋር