ጠበሉን ይዛችሁ ኪኒኑን አትጣሉ

በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ጠበል የምትወጡ ወገኖች፣ ጠበሉን ተዉ የሚላችሁ የለም። የቲቢውን ኪኒን ለምን ትጥላላችሁ?

የቲቢ ሕክምና 6 ወር ነው፦ መጀመሪያ 2 ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀጥሎ 4 ወር ሁለት ዓይነት። ሁለት ሦስት ሳምንት እንደተዋጠ ሳሉ ይቀንሳል፣ የሌሊቱ ላብ ይቆማል፣ እህል ይጥማል። ጠበል መግባታችሁ ከዚህ ሰሞን ጋር ሲገጥም «ድኛለሁ» ብላችሁ ኪኒኑን ትወረውራላችሁ። ጀርሙ ግን ዘገምተኛ ነው፤ አንዱ ሁለት ለመሆን 20 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፣ ከፊሉም አድፍጦ ይተኛል። መድኃኒቱን በመሃል ስታቋርጡ የተረፈው ለምዶት ይነሳል። ያን የለመደውን ጀርም ደግሞ አጠገባችሁ የተኛው ጠበልተኛ ይወርሰዋል፤ እሱ አንድ ኪኒን እንኳ ሳይጥል።

ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ ሪፋምፒሲን ሽንትን፣ ላብንና እንባን ብርቱካንማ ያደርጋል። አንዱ «ደሜ አለቀ» ብሎ ይደነግጣል፣ ሌላው «ጠበሉ በሽታውን እያወጣው ነው» ብሎ እልል ይላል። የኪኒኑ ቀለም ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ጾሙም ሰበብ አይሆንም፤ ይህ መድኃኒት ይበልጥ የሚሠራው በባዶ ሆድ ነው። ኪኒን ውጦ ወዲያው ጠበል በጆግ ተግቶ ማስመለስ ግን ኪኒኑንም ማስመለስ ነው።

«ራሴን ላውቅ፣ ከፈጣሪዬ ልታረቅ ነው የመጣሁት» ትላላችሁ። እሰየው። ታዲያ ኪኒን መጣልን በጉባኤ ፊት እንደ ጀብድ መመስከር ምን ይባላል? አባቶች ውዳሴ ከንቱ ይሉታል። ሲራክ በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ፣ አስተዋይም እንደማይንቀው ጽፏል። የቲቢ መድኃኒቱ ስትሬፕቶማይሲን በ1943 እ.ኤ.አ. የተገኘውም ከአፈር ተሕዋስ ነው።

እናንተም የተማራችሁ፣ አትሳቁ። በዚሁ ተራራ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። የኮከብ ብርሃን ይለካሉ፤ ቂም ይዞ የሚያድር ልብ ግን አይታይባቸውም። በሽተኛው ላይ ከሳቃችሁ ደግሞ ማቋረጡን ይደብቃችኋል።

ያቋረጣችሁ፣ ከተረፈው ቆንጥራችሁ በራሳችሁ አትጀምሩ። ጤና ጣቢያ ሂዱና ያመለጣችሁን ቀን ሳትቀንሱ ተናገሩ። ጀርሙ ሪፋምፒሲንን መልመዱን የጂን ኤክስፐርት ማሽን በ2 ሰዓት ገደማ ያሳያል። የምትሰጡት ምራቅ እንዳይሆን፤ ከደረት ተስሎ የወጣ አክታ ነው የሚፈለገው። ውጤቱ እስኪታወቅ በማደሪያው መስኮት አጠገብ ተኙ፣ የእንጦጦ ብርድ ቢያንገበግብም መስኮቱን አትዝጉት።