ሥራዬ ማልቀስ ነበር

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ከቁጣው ለራሴም የማስቀረው ድርሻ አለኝ፣ እሱ ቀስ ብሎ ይመጣል።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ ነው። አዲስ አበባ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ታሪካዊ ልብወለድ ይመረቃል። መጽሐፉ ስለ አምስቱ የወረራ ዓመታት ነው። ዋናዋ ባለታሪክ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ናት። የአባቷን ጠመንጃ አንስታ ጫካ ትገባለች። አይርባትም፣ አያማትም፣ አታለቅስም። መጨረሻ አካባቢ የጣሊያኑን ኮሎኔል ፊት ለፊት ገጥማ ትጥለዋለች። ደራሲው ያችን ገጽ ሲያነብ አዳራሹ ብድግ አለ። እልልታው ቀለጠ፣ አንዱ ሽማግሌ ፎከሩ። እኔም መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

ልብወለድ ላይ ቂም የለኝም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ በኋላ ቃሌን እንዳታጣምሙብኝ። እኔ ራሴ ስለ አርበኞች መጀመሪያ የሰማሁት ከትምህርት ቤት ሳይሆን አጎቴ ትራስ ስር ካገኘሁት ልብወለድ ነው።

ከዚያ የጥያቄ ሰዓት ሆነ። ከኋላ ረድፍ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። ነጭ ነጠላ፣ ወፍራም መነጽር፣ ከዘራ። የልጅ ልጃቸው ደግፋ አቆመቻቸው። 88 ዓመቴ ነው አሉ። ማይኩ ተሰጣቸው።

«ልጄ፣ እጅህ ይባረክ። ደስ ይላል። ግን ልጅቷ ለምንድን ነው የማታለቅሰው?»

ሰው ሳቀ። ጥሩ ሳቅ ነበር፣ ገና ክፋት አልገባበትም።

እማማ ቀጠሉ። እናታቸው በጣሊያን ጊዜ ልብስ አጣቢ ነበረች። የመኮንኖቹን ልብስ ከጦር ሰፈሩ ተረክባ፣ ቀበና ወንዝ ወርዳ ታጥባለች። ግምጃ ቤቱ ውስጥ የሚሠራ አንድ ያገር ልጅ ደግሞ ጥይት እየሰረቀ ከቆሸሸው ልብስ መሃል ይከትላታል። ወንዝ ዳር ጥይቱን ታወጣና፣ ያጠበችው አንሶላ ሳይጨመቅ እሱ ውስጥ ትጠቀልለዋለች። ውሃ የሚንጠባጠብ አንሶላ የትኛው ወታደር ይፈታል? ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት ቤት ድረስ መጥታ ትወስደዋለች። ከእሷ ወዲያ የት እንደሚሄድ እናትየው ጠይቃ አታውቅም። የማታውቀውን ተገርፋም አታወጣማ።

«እኔ ደግሞ» አሉ እማማ፣ «ሥራዬ ማልቀስ ነበር።»

ኬላው ጋ ሲደርሱ እናትየው ጭናቸውን ትቆነጥጣቸዋለች። የስድስት፣ የሰባት ዓመት ልጅ ናቸው፣ ይጮኻሉ። ወታደሩ በጩኸቱ ይማረርና ሂዱ፣ ሂዱ ይላል። እናትየው እጇን ዘርግታ የፋሺስቱን ሰላምታ ትሰጥና ታልፋለች። «በኋላማ ለመድኩት፣ ሳልቆነጠጥም አለቅስ ነበር» ብለው፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው አየሩን ይዘው ጠመዘዙት። እንዴት እንደሚቆነጠጥ ሊያሳዩን ነው። ያ አየር ላይ የተጠመዘዘ እጅ እስከ ዛሬ ፊቴ ላይ አለ።

ይሄኔ ከመሃል ረድፍ አንድ ጎረምሳ ጮኸ። «እማማ፣ የጣሊያን ልብስ ካጠቡማ ባንዳ ነበሩ በሉና!»

አዳራሹ አውካካ። ቅድም ለልብወለዷ ልጅ እልል ያለው ያው አዳራሽ ነው። መድረክ መሪው ሰዓቱን አየና «እማማን እናመሰግናለን፣ ወደ ሌላ ጥያቄ እንለፍ» አለ። «ይህንኑ ልነግራችሁ እኮ ነው የመጣሁት» ሲሉ ሰማኋቸው። ከዚያ ወዲያ አልተሰማም። ማይኩ ከእጃቸው ተወስዷል።

የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ጓደኛዬ ለምኖኝ፣ የዚያን ቀን ማይክ እያዞርኩ የማገለግለው እኔ ነበርኩ። ጣቶቻቸው አልለቅም አሉ። ሁለት ጊዜ ሳብኩ። ከ88 ዓመት ሴት እጅ፣ ሁለት ጊዜ። ደግሞ ፈገግ እያልኩ ነው፣ ለካሜራው።

እስኪ ልጠይቃችሁ። የውስጥ አርበኛ ማለት ምን መሰላችሁ? ደረቱ ላይ ምልክት ለጥፎ የሚዞር ሰው ነው? ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ አዲስ አበባ ተቀምጠው አይደለም ወይ ለአርበኛው ጥይትና መድኃኒት ሲልኩ የነበሩት? ተይዘው፣ ተሠቃይተው፣ አዚናራ ደሴት የተጋዙት? ከጠላት ጋር እየተሳሳቁ መዋል የሥራው ግማሽ ነበር። ያን ጊዜ እናንተ የወንዙ ዳር ጎረቤት ብትሆኑ ኖሮ ሴትየዋን ባንዳ ብላችሁ ትሰድቧት ነበር። እሷም ስድባችሁ ይበጃት ነበር፣ መሸፈኛዋ ነውና። ዛሬ ግን ከማን ልትደበቅ ነው የምትሰድቧት?

በ2004 ዓ.ም. አፊሌ በምትባል የጣሊያን ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሲቆምለት ጮኸናል። ደግ አደረግን። ግን በ1931 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋ፣ ዘረት ዋሻ ውስጥ የተጠለለ ሕዝብ፣ ቁስለኛው፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ በመርዝ ጋዝና በጥይት ማለቁን ስንቶቻችን እናውቃለን? የአካባቢው ሰው መቼም አልረሳውም። መዝገብ አገላብጦ፣ ዋሻው ድረስ ሄዶ ለዓለም ያሳወቀው ግን አንድ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ የወረወሩትን አብርሃ ደቦጭንና ሞገስ አስገዶምን በስም እንጠራለን። በተከታዮቹ ሦስት ቀናት ቤታቸው በላያቸው የተቃጠለባቸውንስ?

የምንወደው የምታስጨበጭበንን ልጅ ነው። የምታለቅሰዋን አንፈልግም። እኛን ትመስላለቻ።

ሦስት ወር እንቅልፍ ነስቶኝ ቤታቸውን አፈላልጌ ሄድኩ። ቡና ተፈላልኝ። መቅጃ ይዤ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኩና፣ «እማማ፣ ያን ቀን ያላስጨረስንዎትን ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«እኔ ጨርሻለሁ ልጄ» አሉኝ። «ያን ቀን ብዬዋለሁ።»

ምን ይባላል? ስኒዬን ማገላበጥ ያዝኩ። ቆይተው እሳቸው ናቸው የታደጉኝ። «ይልቅ ያ መጽሐፍ አለህ? ዓይኔ አልችል አለኝ። መጨረሻዋ እንዴት ሆነች?»

እንዲህ ሆኖ እሁድ እሁድ ማንበብ ጀመርኩላቸው። የተሳቀባቸውን መጽሐፍ፣ ያውም እየወደዱት። ያቋርጡኛል። «አይ፣ ጥይት እንዲህ አይቋጠርም፣ ይጋጫል፣ ይሰማል። በጨርቅ ለየብቻ ነው።» እኔ በእርሳስ ጠርዙ ላይ እጽፋለሁ። «በዚያ ወቅት እንዶድ የለም፣ ሳሙናውን የሚሰጡት እነሱ ናቸው።» እጽፋለሁ። ልጅቷ ኬላ በተኩስ ሰብራ ያለፈችበት ምዕራፍ ላይ ሳቃቸው አላቆም አለ።

ያን ቀን ሊሉት የነበረውንም በዚያ ሰሞን፣ ሳልጠይቃቸው ሰማሁት። ነፃነት ሲመጣ እናትየው ምስክር አምጪ ተባለች። የግምጃ ቤቱ ሰው ሞቷል። እንጨት ተሸካሚዋ አንድ ቅዳሜ ቀርታ በዚያው ቀረች። የቀረችው ምስክር አሥር ዓመቷ ነበር፣ የልጅ ምስክርነት ማን ይቀበላል? ሰፈሩ «የጣሊያን አጣቢ» እንዳላት ሞተች። እንግዲህ ያቺ የአሥር ዓመት ምስክር ናት ሰባ ስምንት ዓመት ቆይታ አዳራሻችን የመጣችው። እኛ ደግሞ ሰዓት አልቋል አልናት።

ገጽ 212 ላይ እማማ አረፉ። ስልሳ ምናምን ገጽ ይቀረን ነበር።

እቤታችሁ ጥግ ይዘው የሚቆዝሙ እንዲህ ያሉ አሮጊት ካሉ፣ መቅጃችሁን አስቀምጡና የሆነ ነገር አንብቡላቸው። ሲያቋርጧችሁ እርሳስ አንሱ። ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ፣ እኔም የደረስኩት ዘግይቼ ነው።

መጽሐፌን፣ ጠርዙ ሁሉ በእርሳስ የተሞላውን፣ ለደራሲው አዋስኩት። ሁለት ሳምንት ዝም አለ። ተናዶብኛል ብዬ ነበር። ከዚያ አንድ ማታ ደወለ።

«ኬላው ጋ» አለኝ፣ «አስለቅሳታለሁ።»

ሁለተኛው እትም እስካሁን አልወጣም። ወረቀት ተወደደ ይላል። አልፎ አልፎ እየደወልኩ እጠይቀዋለሁ።