ግድግዳው ተከፍቶ ሳለ

ወገኖቼ፣ ይህን ተግሳጽ የምጽፈው ቤታችሁን በማደስ ላይ ላላችሁ፣ ለማደስ ገንዘብ ለምታጠራቅሙና ሕንጻ አከራይታችሁ ለምትተዳደሩ የአዲስ አበባ ሰዎች ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱ በየደጃችን ሲደርስ የስንቱ ሕንጻ ፊት ታጠበ፣ ተቀባ፣ መስታወት ለበሰ፣ በመብራት አሸበረቀ። ከመንገድ ቆሞ ለሚያየው ያምራል። በጓሮ ዞሮ የተመለከተ ግን ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ሮቶ፣ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ተበላሽቶበት፣ በፈረቃ የመጣው ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ሞልቶ ሲፈስ፣ በአዲሱ ቀለም ላይም አረንጓዴ መስመር እያሰመረ ሲወርድ ያያል። የዚያው ሕንጻ ጥበቃ ጠዋት ተነሥቶ ጀሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ ይሄዳል።

ይህ የምናፈሰው ውሃ ከደጃችን የፈለቀ አይደለም። ከፊሉ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ተጣርቶ ይመጣል፤ ከፊሉ ደግሞ ከከተማዋ በስተደቡብ፣ ዝቅ ካለው ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች በፓምፕ እየተገፋ ሽቅብ ይወጣል። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ 300 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት፣ ፓምፑና ቧንቧው ምንም ባያባክኑ እንኳ፣ ከ0.8 ኪሎዋት ሰዓት የማያንስ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል። ስለዚህ በሚያፈስ ሽንት ቤት የሚሄደው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ተራራ ያወጣው መብራትም አብሮት ይሄዳል።

እኔም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለሁምና ከራሴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት መታጠቢያ ቤቴን ሳድስ ለሴራሚኩ ቀለም ብቻ ሁለት ሳምንት ገበያ ለገበያ ዞርሁ። አሮጌው ሴራሚክ ተፈልፍሎ ግድግዳው በተከፈተ ዕለት የቧንቧ ሠራተኛው ጠራኝና የዛገውን የብረት ቧንቧ በመዶሻው እጀታ መታ መታ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ አሁን ተከፍቶ ሳለ እንቀይረው» አለኝ። ዋጋውን ስሰማ፣ «እስካሁን የሠራ ቧንቧ ምን ይሆናል?» ብዬ አስደፈንሁት። ስድስት ወር አልሞላም፤ ከበታቼ ያሉት ጎረቤት ጣሪያቸው ላይ የእንጀራ ምጣድ የሚያህል እድፍ አሳዩኝ። ያ ሁለት ሳምንት የተመረጠ ሴራሚክ ተሰበረ፣ መሰሉም ገበያ ላይ ጠፋ፣ እነሆ ዛሬም አንዱ ጥግ ሌላ ቀለም ነው። ከግድግዳው የወጣው ቧንቧ በጣት ሲጫኑት ይፈረፈር ነበር። ስንት ሜትር ኪዩብ ውሃ በዝምታ እንደወሰደብኝ የሚያውቀው ቆጣሪው ብቻ ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው የወንዙ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

በየቤታችን ትልቁ ሌባ ሽንት ቤት ነው። አሮጌው የሽንት ቤት ሳጥን በአንድ ጊዜ 9 ሊትር፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይለቃል። አምስት ነፍስ ባለበት ቤት እያንዳንዱ በቀን አምስት ጊዜ ቢጠቀም 225 ሊትር ይሄዳል። ሁለት መጫኛ ያለው፣ በትንሹ 3 በትልቁ 6 ሊትር የሚለቀው ሳጥን ቢገባ ግን፣ ከአምስቱ አንዱ ትልቁን ቢፈልግ ድምሩ 90 ሊትር ነው። ልዩነቱ 135 ሊትር፣ ማለትም በየቀኑ ሰባት ሊሞላ ጥቂት የቀረው የባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ነው። እነዚያን ጀሪካኖች አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞ የወጣ ሰው የቁጥሩን ትርጉም ያውቀዋል። ይህን እያወቅን በእድሳት ጊዜ መቀመጫውን በቅርጹ ብቻ መርጠን እንገዛለን፤ ሻጩን «በአንዴ ስንት ሊትር ይለቃል?» ብሎ የሚጠይቅ ከመቶ አንድ መገኘቱን እጠራጠራለሁ። አዲሱም ቢሆን የውስጥ ጎማው ሲያረጅ ወይም ነጭ ቅራፊ ሲይዘው በጀርባ በኩል ድምፅ ሳያሰማ ማፍሰስ ይጀምራል። ማወቂያው ቀላል ነው፤ ማታ ሳጥኑ ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጠብ አድርጉና ማንም ሳይጠቀም ግማሽ ሰዓት ቆዩ፤ መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ቀለም ከያዘ ሳጥኑ ያፈስሳል።

ስለ ፎቅ ቤቶች ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ውሃ በየ10 ሜትር ቁመት አንድ ባር ያህል ግፊት ይጨምራል። ሮቶው ከ30 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ ላይኛው ፎቅ ውሃ ሲንጠባጠብለት፣ ምድር ቤት ያለው ቡና ቤት በሦስት ባር ግፊት አንዲት ስኒ ለማለቅለቅ ግማሽ ባልዲ ያፈስሳል። ለዚህ መድኃኒቱ የግፊት መቀነሻ ቫልቭ በየታችኛው ፎቅ ማስገባት፣ በየቧንቧው አፍ ላይም ውሃን ከአየር ጋር የምታቀላቅለዋን ትንሽ ወንፊት መግጠም ነው። እኛ ግን ወንፊቷን ቆሻሻ ይዛ ውሃው ሲቀጥን አውጥተን እንጥላታለን፤ አጥቦ መመለስ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር።

ባለ ሕንጻዎች ሆይ፣ የውሃውን ሂሳብ ለተከራዮች በካሬ ሜትር ማከፋፈላችሁን ተዉ። የሌላውን ብክነት የሚከፍል ሰው የራሱን ቧንቧ ለመዝጋት አይቸኩልም። በእድሳት ጊዜ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን ቆጣሪ ማስገባት ይቻላል።

ጣሪያና አሸንዳ የምትቀይሩም አላችሁ። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የሚወርደው ከ100,000 ሊትር ይበልጣል ማለት ነው። እኛ ግን ክረምቱን ወደ ጎዳና ቱቦ ሰድደን በበጋ ቦቴ እንጠራለን። ሁሉን መያዝ አይቻልም፣ ማጠራቀሚያውም ቦታ ይፈልጋል፤ ሆኖም አሸንዳው ሲሠራ አንድ ቱቦ ወደ ተለየ ሮቶ ቢዞር፣ ከመጠጥ ውሃው መስመር ጋር ሳይገናኝ፣ ለወለል፣ ለመኪናና ለሽንት ቤት ይበቃል።

እንግዲህ ከቧንቧ ሠራተኛ ጋር ስትዋዋሉ ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት መስመሩ በግፊት እንዲፈተሽ በጽሑፍ አስገቡ። ቧንቧው ከሚሠራበት ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ እስኪደርስ በእጅ ፓምፕ ውሃ ይሞላል፤ የመለኪያው መርፌ ያሳየው ቁጥርም እናንተው ባላችሁበት ይጻፋል። በማግስቱ ጠዋት መርፌው ወርዶ ካገኛችሁት፣ የሴራሚክ ሠራተኛው ደጅ ቆሞ ቢያጉረመርምም እንኳ፣ ግድግዳውን አታስደፍኑ።