እንዳትቀበለው!

ሌላው ዓለም "ማን ይወስዳል" ብሎ ይጣላል። እኛ "ማን ይከፍላል" ብለን እንጣላለን። በዚህ ብቻ እንኳ አንድ ዋንጫ ይገባን ነበር። ደግነቱ ዋንጫውን ማን ይቀበል ብለን ስንጣላ ይመሻል።

ካላመናችሁ ቅዳሜ ከሰዓት አዲስ አበባ ውስጥ የፈለጋችሁት ካፌ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ቦሌም ይሁን ሳሪስ፣ አራት ኪሎም ይሁን ገርጂ። ዙሪያችሁን ያለው ሁሉ ረጋ ብሎ ይጫወታል። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ እገሊት ሠርግ። ድንገት ከአንዱ ጠረጴዛ አንድ እጅ ይነሳና አየር ላይ የማይታይ ፊርማ ይፈርማል። "ሒሳብ!" አለቀ። ደቂቃ ሳይሞላ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ክንድ ለክንድ ተያይዘዋል።

"በእናትህ ተው!"

"አንተ ትሙት አትከፍልም!"

"አፈር ስሆን! ዛሬ የኔ ነው!"

"እቀየምሃለሁ! ሙት እቀየምሃለሁ!"

አገሩን የማያውቅ ሰው ፖሊስ ይጠራል። የሚያውቅ ሰው ማኪያቶውን ይጠጣል።

እኔ ይህን ልማድ ዛሬ ላመሰግነው ተነስቻለሁ። ሌላው ቢቀር ስፖርት ነው። የጂም ወርሃዊ ክፍያ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። የሒሳብ ትግል ግን በነፃ ነው። ለተሸናፊው ማለቴ ነው። እስቲ ተሸናፊው ጠግቦ፣ አሸናፊው ከስቶ የሚወጣበት ሌላ ውድድር ካለ ንገሩኝ። ደግሞ ሥልጠናው ረቂቅ ነው። እጅ ኪስ ውስጥ የሚገባበት ፍጥነት ለሁሉም እንዲታይ ሆኖ ፈጣን መሆን አለበት። የሚወጣበት ፍጥነት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጎበዝ ታጋይ የሱሪው ኪስ ከጉልበቱ በታች የሚደርስ ይመስል እጁን ሰዶ፣ ሰዶ፣ ሰዶ ሌላው ሰው መልስ እስኪቀበል ድረስ አያወጣውም። ከዚያ ባዶ እጁን ያወጣና "እንዲህ አይደረግም!" ብሎ ይቆጣል። ቁጣው ከልብ ነው።

አስተናጋጇስ? መሃል ቆማ ግራ ቀኝ ታያለች። አፍንጫዋ ሥር ሁለት የተዘረጋ ብር አለ። "የሱን ከተቀበልሽ ሁለተኛ እዚህ ቤት አልደርስም!" ይላታል አንዱ። የሱን ትቀበላለች። ሰውዬው በማግስቱ እዚያው ወንበር ላይ፣ እዚያው ማኪያቶ ላይ ነው። ቃሉን የማይጠብቅ ደንበኛ ባይኖር ኖሮ ስንቱ ካፌ በተዘጋ።

ለዓመታት አስተውዬ የደረስኩበት አንድ ሕግ አለ። ትግሉ የሚበረታው ሒሳቡ ሲያንስ ነው። የጀበና ቡና ሲሆን ሸሚዝ ይቀደዳል። ሽሮ ሲሆን እጅ ይጠመዘዛል። ጥብስ ሲሆን ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ እጅ የለበትም። ክትፎ ሲሆን ሁሉም ስልኩን ያያል። ለዚህም ነው ዐቢይ ጾምን የምወደው። ያን 55 ቀን በያይነቱ ቤቶች አካባቢ የሚታየውን ጀግንነት ብታዩ! ሰው ለአንድ በያይነቱ ይሞታል፣ ይምላል፣ ይገዘታል። ፋሲካ ይገባል። ክትፎው ከነአይቡ ይመጣል። ያ ሁሉ ጀግና ሒሳብ ሊመጣ ሲል "እጄን ልታጠብ" ብሎ ይነሳል። የታጠበውን እጅ ደግሞ ደግሞ ያጥባል። በፋሲካ ማግስት የአዲስ አበባን ሰው እጅ ንጽሕና የሚስተካከለው የለም።

ቴሌብር ግንቦት 2013 ሲጀመር፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ባህላችን አለቀለት ብዬ ፈርቼ ነበር። ሰው በስልክ እንዴት ይታገላል? ተሳስቼ ነበር። እንዲያውም ጥበቡ አደገ። ድሮ ብር ያልያዘ ሰው የነበረው ኪሱን መፈተሽ ብቻ ነው። ኪስ ደግሞ መጨረሻ አለው። ኔትወርክ ግን መጨረሻ የለውም። "ቆይ፣ እየዞረ ነው" ይላል። ስልኩን ወደ ሰማይ ያነሳል። ወደ በረንዳው ጫፍ ይሄዳል። "እዚህ ሰፈር ሁሌም እንዲህ ነው" ብሎ ሰፈሩን ያማል። ኔትወርኩም ሌላው ሰው ከፍሎ እስኪጨርስ ድረስ በታማኝነት ይጠፋል። ከዚያ ወዲያው ይመጣል። "አይ! አሁን ገባ፤ ምን ያስቸኩልሃል?"

አንዳንድ ቆጣቢዎች "ለምን ተራ አንይዝም?" ይላሉ። ተራ ከሆነማ ዕቁብ ነው። ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ያልከፈለ ይቀጣል። ሒሳብ ግን በፍቅር ነው። በፍቅር ስለሆነም ማንም አይጽፈውም። ማን፣ መቼ፣ የት፣ ስንት እንደከፈለ ግን ሁሉም ከ2011 ጀምሮ በቃሉ ይወጣዋል። የአንዱ ጓደኛችን ሠርግ ላይ ሚዜ ምርጫ ሲነሳ "እሱኮ ያን ቀን ሀዋሳ ዓሣውን እኔ ነኝ የከፈልኩት" ያለ ሰው አውቃለሁ። በፍቅር ነው ያለው።

ከውጭ የመጣ ሰው ጠረጴዛው ላይ ሲኖር ደግሞ የተለየ ጸጥታ ይሰፍናል። ትግል የለም። መሐላ የለም። ሒሳቡ በራሱ እግር ወደ እሱ የሚሄድ ይመስላል። የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ የመጣ ጊዜ ስድስት ሆነን ምሳ በላን። ሒሳብ መጣ። እኛ ስለ አየሩ ማውራት ጀመርን። እሱ ቢሉን አንስቶ፣ መነጽሩን አስተካክሎ፣ "እንካፈላ፣ ሁሉም የራሱን" አለ።

ዝም አልን። አንዱ አጥንቱን እያየ ቀረ።

ቀልዱን መስሎን ነበር። ስልኩን አውጥቶ 15 ከመቶ ቫቷን ሳይቀር ማካፈል ጀመረ። "አንተ አምቦ ውሃ ጠጥተሃል አይደል?" አለው አንዱን ጓደኛዬን። ልጁ ቀላ። በዚህ አገር ሰው ሰርቆ ስሙ ተጠርቶ ያውቃል፤ አምቦ ውሃ ጠጥቶ ግን ተጠርቶ አያውቅም። በኋላ ስንጠይቀው ደግሞ የአክስቴ ልጅ ራሱ እዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ ቤት ገብቶ "እንካፈል" ለማለት አይደፍርም። እዚያ በካርድ ነው የሚታገሉት። አስተናጋጇ አራት ካርድ በአንድ እጇ ይዛ፣ ማንኛውን ብትወስድ ማን እንደሚቀየማት ታሰላለች። እንካፈል የሚለው አዲስ አበባ ሲመጣ ነው። ብልህ ልጅ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እኔም ተራዬ ደረሰ። ገርጂ አካባቢ ከአብሮ አደጌ ጋር አንድ ካፌ ተቀምጠናል። ሁለት ማኪያቶ፣ ሁለት ኬክ፣ አንድ ውሃ። ብሩ ሐምሌ 2016 "ዋጋህን ገበያ ይወስንልህ" ከተባለ ወዲህ ኬክ እንኳ ቀና ብሎ ያይሃል። ሒሳቡ ጥቁር ማቀፊያ ውስጥ ተኝቶ መጣ። 430 ብር። ከላዩ ሁለት ከረሜላ።

ኪሴ ውስጥ ምን እንዳለ በደንብ አውቃለሁ። አራት ቦታ የታጠፈች አንዲት ሁለት መቶ ብር። ለታክሲ ደግሞ ለብቻዋ ያስቀመጥኳት ዝርዝር። ግን ጀግና በኪሱ አይለካም። "እኔ ጋ ነው!" ብዬ ማቀፊያውን ያዝኩት። እሱ እጄን ያዘው። ጎተተ። ጎተትኩ። "በሞቴ!" አለ። "እኔ ልሙት!" አልኩ። በዚህ መሃል ውሃው ተደፋ። በግራ እጄ ኪሴ ውስጥ ሁለት መቶዋን በሁለት ጣቴ ይዤ፣ እንዳትወጣ እየጸለይኩ ነው።

አጠገባችን ጋቢ የደረቡ አባት ጋዜጣቸውን አጥፈው ገላጋይ ሆኑ። "ተዉ እንጂ ልጆች። አንተ ዛሬ ተውለት። ሌላ ቀን ደግሞ አንተ ታደርጋለህ።" ሽማግሌ ከገባበት በኋላ ምን ይባላል? "እንግዲህ ለእርስዎ ስል ነው አባባ" አልኳቸውና ተሸነፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ተሸንፌ አላውቅም።

ጓደኛዬ የአሸናፊ ፈገግታ እያሳየ ቦርሳውን ከፈተ። ቆጠረ። ፈገግታው ቀነሰ። እንደገና ቆጠረ። ብር ደግሞ ሲደጋግሙት አይጨምርም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና "ስማ፣ ስንት ይዘሃል?" አለኝ።

ጠረጴዛ ሥር ተቀባበልን። የሱ 250፣ የኔ 200። አባባ እንዳያዩን ጎንበስ ብለን ነው። የተረፈችውን 20 ብር ለአስተናጋጇ ተውን። ልጅቷ ሁሉንም አይታለች። ምንም አላለችም። ከረሜላዎቹን ብቻ ወደኛ ገፋ አደረገቻቸው።

ከረሜላችንን እየመጠጥን የመገናኛ ታክሲ ያዝን። መጨረሻ ወንበር ደረሰን። ረዳቱ "ሒሳብ ከኋላ!" ከማለቱ ጓደኛዬ እጁን ከሰው ትከሻ በላይ አንስቶ "የሁለት ሰው! እኔ ጋ ነው!" ብሎ ጮኸ። እጁ ባዶ ነው። ኪሱም ባዶ እንደሆነ አውቃለሁ። እንደማውቅ ያውቃል። ዝርዝሬን ሳወጣ ግን አንጓዬን ለቀም አድርጎ ያዘኝ።

"እንዳትቀበለው!" አለ ረዳቱን። "የሱን እንዳትቀበለው!"

ከልቤ ታገልኩት።