ግፍን በአስፈሪ ጌም ማስተማር ይገባልን? ስለ «ዲቴንሽን» የተደረገ ክርክር

«ዲቴንሽን» ሬድ ካንድል ጌምስ የተባለ አነስተኛ የታይዋን ቡድን በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው አስፈሪ የእንቆቅልሽ ጌም ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ በተራራ መካከል ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ዘመኑም ደሴቲቱ ከ1949 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. በወታደራዊ ሕግ የተገዛችበት፣ «ነጭ ሽብር» እየተባለ የሚጠራው ዘመን ነው። በደብረ ብርሃን የሚገኝ አንድ የወጣቶች ክበብ ይህን ጌም ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አቅርቦ ስለ ቀይ ሽብር ውይይት እንዲከፍት ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡን ያቀረበችው የከተማዋ የሶፍትዌር ባለሙያ ስትደግፍ፣ በደብረ ሲና የሚያስተምሩ የታሪክ መምህር ተቃውመው በጽሑፍ ተከራክረዋል። ክርክሩ የጌሙን ፍጻሜ ስለሚገልጥ አንባቢ ልብ ይበል።

ባለሙያዋ፦ መምህር፣ ያልታወቀ ነገር ሊነቀፍም ሊወደስም ስለማይገባ ከታሪኩ ልጀምር። ዌይ የተባለ ተማሪ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ሲነቃ ትምህርት ቤቱ ጭር ብሏል፣ ሰሌዳው ላይም የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ተጽፏል። በአዳራሹ መድረክ ላይ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች የተኛች ፋንግ የምትባል ተማሪ ያገኛል። አብረው ሊወጡ ሲሞክሩ ድልድዩ ተቆርጦ፣ ወንዙም ደም መስሎ ይጠብቃቸዋል። ከዚያ ወዲያ ተጫዋቹ የሚያንቀሳቅሰው ፋንግን ነው። ራዲዮ ትክክለኛው ሞገድ ላይ እያደረገች፣ ከክፍል ክፍል ማስታወሻ እየሰበሰበች ስትሄድ፣ የምትፈታው እንቆቅልሽ ሁሉ የሚመራት ወደ ራሷ መሆኑ ቀስ በቀስ ይገለጣል። በትምህርት ቤቱ የተከለከሉ መጻሕፍት በድብቅ የሚነበቡበት ክበብ ነበር። ፋንግ የምትወደው መምህር ቻንግ ልቡ ወደ መምህርት ዪን ያዘነበለ ስለመሰላት፣ የመጻሕፍቱን ዝርዝር ከዌይ ተቀብላ ለትምህርት ቤቱ ወታደራዊ አሠልጣኝ ትሰጣለች። ቻንግ ይገደላል፣ ዌይ 15 ዓመት እስራት ይፈረድበታል፣ ዪን ወደ ውጭ አገር ትሸሻለች። ፋንግም ከጣሪያ ላይ ራሷን ትወረውራለች፤ ተጫዋቹ ሲያንቀሳቅሳት የቆየውም መንፈሷን ነው።

የእኛ ተማሪ ስለ 1969 እና 1970 ዓ.ም. ሲማር ደርግን፣ ኢሕአፓንና መኢሶንን ሸምድዶ ማን ማንን እንደገደለ ለፈተና ይጽፋል። በቀበሌ የማጋለጥ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ የጎረቤቱን ልጅ ስም የጠራው ሰው ለምን እንደጠራ ግን የሚጠይቀው የለም። ጌሙ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ደግሞም ተጫዋቹ መልሱን የሚያገኘው ለሰዓታት በጠቋሚዋ እግር ከተራመደ፣ ከፈራላትና ከራራላት በኋላ ነው። አንባቢ ገጽ ይገልጣል እንጂ በሩን በራሱ እጅ አይከፍትም። ሌሎቻችን በክረምት ማታ እሳት ዳር «እንቆቅልሽ» ስንባባል አገር የሚሰጠው መልሱ የጠፋበት ነበር፤ በዚህ ጌም ግን የሚከፍለው መልሱን ያገኘው ነው።

መምህሩ፦ እህቴ፣ ታሪኩን አሳምረው ነግረውናል፤ የምቃወመውም ስለዚሁ ታሪክ ነው። አንድ መንግሥት በሕዝቡ ላይ ያወረደው ሽብር በአንዲት ልጅ የቅናት ኃጢአት ውስጥ ሲገባ የገዳዩ መጠን ያንሳል። በቀይ ሽብር ወላጅ የልጁን አስከሬን ለማንሣት ልጁ የተገደለበትን ጥይት ዋጋ እንዲከፍል ይጠየቅ ነበር፤ ያንን ተመን ያወጣች ቅናተኛ ልጃገረድ የለችም። ተማሪዬ ከዚህ ጌም ተነሥቶ «ለካ ጥፋቱ የእርስ በርስ ነበር» ብሎ ቢደመድም ምን እመልስለታለሁ?

የመንፈሶቹም ነገር አለ። በኮሪደሩ ሙታን ይንጎራደዳሉ፤ ተጫዋቹ ትንፋሹን ውጦ በአጠገባቸው ያልፋል፣ አለዚያም አንድ ሳህን ሩዝ አስቀምጦ ያዘናጋቸዋል። በየፕሌይስቴሽን ቤቱ ማለፍንና መውደቅን የለመደ የ16 ዓመት ልጅ ከክበቡ ይዞ የሚወጣው የሟቾቹን ታሪክ ሳይሆን በስንት ሩዝ እንዳለፋቸው ነው። በዚህ ላይ በከተሞቻችን ያኔ ያጋለጠና የተጋለጠ ዛሬ በአንድ ዕድር ድንኳን ሥር ጎን ለጎን ይቀመጡ ይሆናል። ይህን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዝም ያሉት ስለረሱ አይደለም።

ባለሙያዋ፦ መምህር፣ ቅናት የሌለበት አገር የለም። ጥቆማ ተቀባይ በሌለበት አገር ቅናተኛ ተማሪ ብታለቅስ፣ ቢብስ ብትሳደብ ነው። ያንን ቅናት ወደ ጥይት የለወጠው ዝርዝር ለመቀበል ትምህርት ቤት ውስጥ የተቀመጠው ወታደር ነው። ስለዚህ ጌሙ መንግሥትን ነጻ አላወጣም፤ በሰው ቤት ስንጥቅ እንዴት እንደሚገባ አሳየ እንጂ። የፋንግ እናት ባሏን ለመገላገል ለባለሥልጣናት ጠቁማ አሳስራዋለች፤ ልጅቱ ጥቆማ ሥራ እንደሚሠራ የተማረችው ከገዛ ቤቷ ነው። ይህ የገዳዩን መጠን የሚያሳንስ ከሆነ የሚያገዝፈው ምን እንደሆነ አላውቅም።

ስለ ሙታኑ ያሉትን ግን በተቃራኒው አነባለሁ። በዚያ አገር ሕዝብ እምነት የሚንከራተት መንፈስ ማለት የሚያስበው ዘመድ ያጣ፣ ምግብ የሚያቀርብለት የሌለ ሙት ነው። በቀይ ሽብር የተገደሉት ልጆች ወላጆች ለቅሶ እንዳይቀመጡ ተከልክለው ነበር። ድንኳን ያልተተከለለት፣ ሙሾ ያልወረደለት ሙት ምን እንደሚመስል ለአንድ ወጣት ለማሳየት ከዚህ የቀረበ ሥዕል አላየሁም። ከጌሙ አጋማሽ በኋላም መንፈሶቹ እየሳሱ ሄደው ቦታውን ትዝታ ይይዘዋል፤ አንዳንድ ተጫዋች ፍርሃቱ ቀነሰብኝ ብሎ የሚያማርረውም እዚህ ላይ ነው።

መምህሩ፦ ያልተለቀሰለት ሙት በእኛ ዘንድ ወጉ የታወቀ ነው፤ ፍትሐቱ ይደረሳል፣ ተዝካሩ ይወጣል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ቤተሰቦች ከጅምላ መቃብር አጽም አስወጥተው እንደገና በክብር የቀበሩት ለዚህ ነው። እንዲህ ያረፈ ሰው ፋኖስ አንጠልጥሎ በኮሪደር የልጅ ልጁን ሲያሳድድ ማየት ማዘከር አይመስለኝም። የታይዋን ሰዎች በራሳቸው እምነት የሠሩትን አልነቅፍም፤ እኛ ስንዋሰው ግን ሥዕሉ ሌላ ትርጉም ይይዛል።

እርስዎ ያላነሡት ደግሞ አለ። ዛሬ በደብረ ብርሃን የሚማሩት ልጆች ሁሉ እዚሁ ያደጉ አይደሉም። ከአጣዬና ከአካባቢው ቤታቸው ተቃጥሎ የመጡ አሉ። ለእነርሱ ባዶ ትምህርት ቤትና የተቆረጠ መንገድ የጌም ጌጥ አይደለም። ታይዋን እንኳ ጊዜ ወስዳለች፦ ፕሬዚዳንት ሊ ቴንግ ሁይ በየካቲት 1947 እ.ኤ.አ. ስለተጀመረው እልቂት በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት በ1995 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ጌሙ የወጣው ከዚያ ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

ባለሙያዋ፦ በቅደም ተከተል ከሆነ እኛ እንቀድማለን። በታይዋን ትእዛዝ ሰጪዎቹ ለፍርድ ሳይቀርቡ ዘመኑ አለፈ። በእኛ አገር ግን ችሎት ተሰይሞ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም በሌሉበት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተብለዋል፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ተከፍቷል። ሆኖም ችሎት የሚደርሰው ባብዛኛው ትእዛዝ ከሰጠውና ቃታ ከሳበው ዘንድ ነው። በቂም፣ በፍርሃት ወይም በፍቅር ስም ያቀበለው ሰው ከችሎቱም ከሙዚየሙም ውጭ ቀርቷል። እኔ ጌሙን የምፈልገው ለዚህ ቀሪ ሰው ነው።

ከአጣዬ ስለመጡት ልጆች ያነሡት ክብደት አለው። ስለዚህ መገኘት በፈቃድ ይሁን፤ ጌሙን አንድ ሰው በትልቅ ስክሪን ይጫወት፣ ሌላው ይመልከት። ጽሑፉ አማርኛ ስላልሆነ የሚተረጉም ሰው በየመሀሉ ማቆሙ አይቀርም፤ መወያያውም ያ ይሆናል። በጌሙ መጨረሻ ፋንግን የራሷ ጥላ ትጠይቃታለች። የሠራችውን ከካደች ያንኑ ሌሊት እንደገና ትኖረዋለች። ካመነች ደግሞ ዌይ ከእስር ወጥቶ፣ ጎልማሳ ሆኖ ወደ ፈረሰው ትምህርት ቤት ይመለሳል፤ ከፊቷም ይቀመጣል። ምሬሻለሁም አይልም፣ አይረግማትምም።

መምህሩ፦ ዌይ ከፋንግ ፊት የተቀመጠው ራሱ መጥቶ ነው፤ ወንበሩን ያዘጋጀለት ክበብ አልነበረም። በእርስዎ አዳራሽ ግን የአንዱ አያት ካድሬ የነበረ፣ የሌላው አያት ያኔ ከቤቱ ተወስዶ ያልተመለሰ ልጆች፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ ባንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጣሉ። የጥላዋ ጥያቄ ስክሪን ላይ ሲወጣ ወደ አያቱ የሚያስበው ልጅ የቱ እንደሆነ ተርጓሚው በፊቱ ማወቅ አይችልም። «በፈቃድ» ያሉትም ቢሆን ልጁ ምን እንደሚጠብቀው ሳያውቅ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ክበቡ አስቀድሞ ወላጆችን ይጥራ፣ ጌሙን እስከ ፍጻሜው ያሳያቸው፣ ከእነርሱ መካከል ስለዚያ ዘመን በልጆቹ ፊት ለመናገር የሚፈቅድ ይገኝ እንደሆነ ይጠይቅ። ያ እስኪሆን ድረስ ተማሪዎቼ ቢጠይቁኝ አትሂዱ እላቸዋለሁ።