አርጩሜው ከመድረሳችን ይውጣ

ክረምት ሲገባ የአዳማ መድረሳዎች በልጅ ይሞላሉ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ወላጅም ልጄ ቁርኣን ይቅራልኝ ይላል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ እኔም ልጆቼን እልካለሁ። የሚያንገበግበኝ ብዙ ቦታ አርጩሜው ዛሬም ከመምህሩ፣ ከኡስታዙ እጅ አለመውጣቱ ነው።

በቅርቡ አንድ መድረሳ በር ላይ ቆሜ አንዲት ልጅ አየሁ። ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ሱረቱ አድ-ዱሓ የሚባለውን የቁርኣን ምዕራፍ ትቀራለች፤ ዓይኗ ግን አርጩሜው ላይ ነው። አንድ ቃል ስትስት መዳፏን ራሷ ዘረጋች። ማንም አላዘዛትም።

ይህን ስናነሳ ቶሎ የሚጠቀስልን ሐዲስ፣ ማለትም የነቢዩ ንግግር አለ። ሐዲስ ሰብሳቢው አቡ ዳውድ የዘገቡት ነው፦ ልጆቻችሁን በሰባት ዓመታቸው በሶላት እዘዙ፣ በአስር ዓመታቸው ካልሰገዱ ምቷቸው የሚለው። እስቲ ረጋ ብለን እንየው። የተነገረው ለወላጅ ነው። ጉዳዩም ሶላት እንጂ ሒፍዝ፣ ማለትም ቁርኣንን በቃል መያዝ አይደለም። ከሰባት እስከ አስር ደግሞ ሦስት ዓመት አለ፤ በቀን አምስት ሶላት ሲሰላ ከ5000 ጊዜ በላይ በመልካም ቃል ማሳሰብ ማለት ነው። መምታትን የፈቀዱ ዑለማዎች (የሃይማኖት ሊቃውንት) እንኳ ፊት አይነካ፣ በንዴት አይሁን፣ ጉዳት አያድርስ ብለው አጥረውታል። ታዲያ የሰባት ዓመት ልጅ «ሷድ» የሚለውን የዐረብኛ ፊደል «ሲን» ብላ ስላነበበች የምትገረፈው በየትኛው ማስረጃ ነው?

ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አስር ዓመት ያገለገለው አነስ ኢብን ማሊክ አንድም ቀን «ኡፍ» እንዳላሉት ተናግሯል። የታሪክ ሊቁ ኢብን ኸልዱንም በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በኃይል የተማረ ልጅ ውሸትና ማስመሰል ይለምዳል ብሎ ጽፏል።

ኡስታዙ ላይ ብቻ መፍረድ አልፈልግም። ክፍል ሙሉ ልጅ ለብቻው ይዞ፣ በማታወላዳ ደሞዝ የሚውል ሰው ነው። «ዓይኑን ብቻ ተውልኝ» ብለን ልጃችንን ያስረከብነውም እኛው ነን። የመድረሳ ብቻ ችግርም አይደለም፤ በመደበኛ ትምህርት ቤትም ዱላ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በሚያሳድጋቸው ተቋም ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል።

የመስጊድ ኮሚቴዎቻችን ምንጣፍና ድምፅ ማጉያ ለመግዛት ገንዘብ ማሰባሰብ ያውቁበታል። ለረዳት ኡስታዝ ደሞዝም እንዲሁ ያሰባስቡ። ልጅ አይመታም የሚል ደንብ ጽፈው በር ላይ ይለጥፉ። እኛ ወላጆችም ልጅ ስናስመዘግብ፣ ሲሳሳት ምን እንደሚደረግ አስቀድመን እንጠይቅ።