የስፓኒሾቹ መስከረም

እንቁጣጣሹ አልፎ ደመራው ሳይደርስ እዚህ አሜሪካ የሌላ ሕዝብ በዓል ይገባል። የሂስፓኒክና የላቲኖ፣ ማለትም ሥራቸው ከስፓኒሽ ተናጋሪና ከላቲን አሜሪካ አገሮች የሚመዘዝ ሰዎች፣ የቅርስ ወር ይባላል። ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኦክቶበር 15፣ በእኛ ከመስከረም 5 እስከ ጥቅምት 5 መሆኑ ነው። በፈረንጆቹ ወር አጋማሽ የሚጀምረው በምክንያት ነው። ጓቴማላ፣ ኤል ሳልቫዶር፣ ሆንዱራስ፣ ኒካራጓና ኮስታ ሪካ ነጻነታቸውን ያወጁት በ1821 በዚያ ቀን ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ሜክሲኮ በማግስቱ ታከብራለች። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1968 ሲያስጀምሩት አንድ ሳምንት ነበር፤ ሬገን በ1988 ወር አደረጉት።

ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ ለምንኖር ሐበሾች እነዚህ ሰዎች ባዳ አይደሉም። የሐበሻ ምግብ ቤት ጓዳ ገብታችሁ እዩ። ሽንኩርት የሚከትፈው፣ ድስት የሚፈገፍገው ብዙ ጊዜ የኤል ሳልቫዶር ልጅ ነው። "ጎመን አለቀ!" ብሎ ጥርት ባለ አማርኛ የሚጮህ ሰምቻለሁ። እኛ ግን ሁሉንም በጅምላ "ስፓኒሽ" እንላቸዋለን። ቦሊቪያዊውም ስፓኒሽ፣ ሆንዱራሳዊውም ስፓኒሽ። እኛን አንድ ሰው "ናይጄሪያዊ ናችሁ?" ያለን ቀን ግን ፊታችን ይጠቁራል።

አመጣጣችን እንኳ ይመሳሰላል። እኛን ደርግ ሲያሳድደን፣ ሳልቫዶራውያኑን ከ1980 እስከ 1992 የቆየ የእርስ በርስ ጦርነት አባረራቸው። እኛ ፓትርያርካችንን አቡነ ቴዎፍሎስን በ1979 ደርግ ገደለብን። እነሱ ሊቀ ጳጳሳቸው ኦስካር ሮሜሮ በ1980 ቅዳሴ ላይ ሳሉ በጥይት ተገደሉባቸው። ሮሜሮ በ2018 ቅዱስ ተብለዋል፤ ሥዕላቸው በየቤተ ክርስቲያኑ አለ። የአቡነ ቴዎፍሎስን ስም እዚህ የተወለዱ ልጆቻችንን ጠይቁና መልሱን ንገሩኝ።

ፊዬስታ ዲሲ በሚባለው የመስከረም ክብረ በዓል ዓይኔን የሚይዙት ቦሊቪያውያኑ ናቸው። ካፖራሌስ የሚሉት ጭፈራ አላቸው። ወንዶቹ ረጅም ቦቲ ያደርጋሉ፤ ቦቲው ላይ ቃጭል ተደርድሯል። ዘለው ሲያርፉ መንገዱ በሙሉ ይንጫጫል። ብዙዎቹ ቨርጂኒያ ያደጉ ጎረምሶች ናቸው። እንደ እኛዎቹ ልጆች የወላጆቻቸውን ቋንቋ የሚሰባብሩም አሉባቸው። እግራቸው ግን አይሳሳትም። ወረድ ብሎ ፑፑሳ፣ የሳልቫዶራውያን የበቆሎ ቂጣ፣ የሚጋገርበት ድንኳን አለ። ሴትዮዋ መዳፏን ውሃ ታስነካና የበቆሎ ሊጡን ታድበለብላለች። መሀሉን በአውራ ጣቷ ትጎደጉዳለች፣ ቦሎቄና አይብ ትሞላለች፣ ትደፍናለች። ከዚያ ከመዳፍ መዳፍ እያቀባበለች ጠፍ ጠፍ ታደርገዋለች። ወሬዋን አታቋርጥም፣ እጇንም አታይም። ምጣዱ ላይ ሲያርፍ ክቡ ልክክ ያለ ነው። (ለጿሚ፦ የቦሎቄ ብቻ አለ። በአሳማ ስብ መጠበስ አለመጠበሱን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።)

እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው ታሪክ ነው። ማውንት ፕሌዛንት የሚባለው ሰፈር ከአዳምስ ሞርጋን፣ ከእኛ ከድሮ ሰፈራችን፣ በእግር የሚደረስ ነው። ሜይ 5 ቀን 1991፣ በእኛ ሚያዝያ 27፣ አንዲት ፖሊስ እዚያ አንድ ሳልቫዶራዊ ተኩሳ አቆሰለች። ሰፈሩ ነደደ። የፖሊስ መኪኖች ተቃጠሉ፣ ሱቆች ተዘረፉ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ። የእኛ ሰው ያን ሰሞን ጆሮው አዲስ አበባ ነበር፤ ደርግ ሊወድቅ ሦስት ሳምንት ያህል ቀርቶታል። እሳቱ ሲበርድ ሰዎቹ ዝም ብለው ወደ ቤታቸው አልገቡም። ተደራጁ። የፌዴራሉ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ በ1993 ሪፖርት አወጣ። ላቲኖው መሥሪያ ቤት ሄዶ በቋንቋው የሚያነጋግረው እንደሚያጣ በወረቀት ሰፈረ። ጥያቄው ሌሎች ስደተኞችም እየተጨመሩበት ቀጠለ። በ2004 ዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አወጣች። የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ነዋሪ አስተርጓሚ ማቅረብ፣ ዋና ዋና ወረቀቶችንም መተርጎም አለባቸው። ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።

እናታችሁ መታወቂያ ልታወጣ ሄዳ ግድግዳ ላይ የፊደላችንን ጽሑፍ ካየች፣ የማውንት ፕሌዛንት ሰዎች እጅ አለበት። እንግሊዝኛ ትምህርቱም እንዲሁ ነው። ስንት ሐበሻ የተማረበት የዲሲው ካርሎስ ሮዛሪዮ ትምህርት ቤት ስሙን ያገኘው ከአንድ የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ ነው። ሰውዬው ለላቲኖ ስደተኞች በ1970 የተጀመረውን የእንግሊዝኛ ትምህርት ካቋቋሙት አንዱ ነበሩ። እኛ የተሠራ ቤት ገብተን ቁጭ አልን።

አንድ ጃንጥላ ሥር ገቡ ማለት ተዋደዱ ማለትም አይደለም። ኤል ሳልቫዶርና ሆንዱራስ በ1969 ጦር ተማዘዋል። የኳስ ፉክክራቸው ዛሬም አይጣል ነው። ከተማው ምክር ቤት ፊት ሲቆሙ ግን ቢያንስ አንድ ወረቀት ይዘው ይቆማሉ። እኛ ሦስት ሰው ስንሆን አራት ማኅበር እናቋቁማለን።

አገር ቤት ኅዳር 29 አለ፤ ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት፣ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን። ልብሱ ያምራል፣ ጭፈራው ያምራል፣ ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ያሳያል። ያ መድረክ ላይ የጨፈረ ሰው በማግስቱ ወረዳ ሄዶ "ነገ ተመለስ" ሳይባል ጉዳዩን ይጨርሳል ወይ? እዚህም ወሩን ያወጀው መንግሥት ነው፤ ከላይ የወረደ ነው። ሰዎቹ ግን መድረኩን ሲያገኙ ከጭፈራው ጎን ጠረጴዛ ይዘረጋሉ። አንዱ ላይ የመራጮች ምዝገባ፣ አንዱ ላይ የደም ግፊት ምርመራ፣ አንዱ ላይ ስለ መኖሪያ ፈቃድ የሚያማክር ሰው። ልዩነቱ ለእኔ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

የእኛ የዚህ አገር ትልቁ መሰባሰቢያ ከ1984 ጀምሮ ከተማ እየቀያየረ የሚደረገው የእግር ኳስ ውድድር ነው። እወደዋለሁ። ክትፎው አለ፣ ዘፈኑ አለ፣ የጠፋ የሰፈር ልጅ ይገኝበታል። እንዴት እዚህ እንደደረስን የሚነግር ጥግ ግን አላየሁበትም። አንዲት ሳልቫዶራዊት ጎረቤቴ "የእናንተስ በዓል መቼ ነው?" አለችኝ።

"ጁላይ ላይ። ስታዲየም ውስጥ ነው።"

"ልጆቹን ይዤ ልምጣ?"

"ነይ እንጂ! ቲኬቱ በር ላይ ይቆረጣል።"

"ለበዓል ቲኬት?" አለች። ስለ ስታዲየም ኪራይ አስረዳት ጀመርኩ።